ጥሩማ ጥሩ ነው

አሥራ አንደኛዋ ተሳታፊዬ የፈረሙበትን ወረቀት ወደ ቦርሳዬ ስከት አዩኝና «ታዲያ ብድሩ መቼ ነው የሚለቀቀው?» አሉኝ።

ቅዳሜ ረፋድ ነው፤ ሾላ ገበያ። የተገለበጠ የቲማቲም ሳጥን ላይ ተቀምጫለሁ፤ ስልኬ መሀላችን ሆኖ ድምፅ እየቀዳ ነው። «የምን ብድር እትዬ?» አልኳቸው። «ይሄ የፈረምኩበት ነዋ!» አሉ፣ የምቀልድ መስሏቸው ፈገግ እንዳሉ።

ወረቀቱ የስምምነት ቅጽ ነበር። ተሳትፎው በፈቃደኝነት እንደሆነ፣ ጥቅምም ጉዳትም እንደማያስከትል፣ በፈለጉት ሰዓት ማቋረጥ እንደሚችሉ ይላል። በአማርኛ የተጻፈ ነው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቤላቸዋለሁ፤ እሳቸውም «እሺ» እያሉ ሰምተዋል። ግን ነገሩን በእሳቸው ቦታ ሆኜ ሳየው ሌላ ነው። የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ደውሎ «ሰው ይመጣል፣ አነጋግሩት» ብሏቸዋል። ቦርሳ ያነገበ ልጅ መጣ፣ ወረቀት አነበበ፣ «እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» አለ። ይሄ ብድር ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ለዚህ ብለው በቅዳሜ ገበያ፣ ደንበኛ በሚጎርፍበት ሰዓት፣ መደባቸውን ለጎረቤት ትተው አንድ ሰዓት ሙሉ ሰጥተውኛል።

እሳቸው ደፍረው ጠየቁ። ከእሳቸው በፊት ያናገርኳቸው አሥሩስ?

እዚህ እንዴት እንደደረስኩ ልናገር። ምህንድስና ተምሬ ከወጣሁ ጀምሮ ኮድ ስጽፍ ነው የኖርኩት። ትምህርት ቤት ሳለሁ «ተጠቃሚ» የሚባለው ነገር ዲያግራም ላይ በአንድ ክብና በአምስት መስመር የሚሳል ሰውዬ ነበር። ስም የለውም፣ እጁን ዘርግቶ ይቆማል፣ ከእጁ ቀስት ወጥቶ «ብድር ይጠይቃል» ወደሚል ክብ ይሄዳል። ሥራ ስገባም ያው ነው። የምሠራበት ድርጅት ለአንድ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር የስልክ አፕ ለመሥራት ተዋዋለ። ፍላጎቱ በሰነድ መጣልን፤ ከሰነዱ ላይ እያየሁ አብዛኛውን የስልኩን ክፍል እኔ ጻፍኩት። ፈተና አለፈ፣ ርክክብ ሆነ፣ ኬክ ተቆረሰ። የማኅበሩ አባላት አብዛኞቹ የገበያ ሴቶች መሆናቸውን አውቃለሁ፤ አንዳቸውንም ግን አይቼ አላውቅም ነበር።

ማስተርስ በማታው ክፍለ ጊዜ ስጀምር ሰውን ማዕከል ያደረገ ዲዛይን የሚባለውን መስክ የመረጥኩት፣ እውነቱን ልናገርና፣ ቀላል መስሎኝ ነው። የምርምር ዘዴ የሚለውን ኮርስ ደግሞ ንቄው ነበር። ሰው ጠይቆ ወረቀት ላይ መጻፍ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል? መስኩ አይኤስኦ 9241-210 የሚባል ዓለም አቀፍ ደረጃ እንዳለው ስሰማ ትንሽ አከበርኩት። ቁጥር ያለው ነገር ደስ ይለኛል። የጃኮብ ኒልሰን ቀመርማ ልቤን ነው የወሰደው። አንድ ተጠቃሚ በአማካይ 31 በመቶ የሚሆነውን ችግር ያሳይሃል፤ ስለዚህ አምስት ሰው ብትፈትን 85 በመቶ ገደማ ታገኛለህ ይላል። ካልኩሌተር አውጥቼ ሠራሁት፤ 0.69ን አምስት ጊዜ አባዝቶ ከ1 መቀነስ ነው። ልክ ነው። እኔ አሥር ሰው ስለምጠይቅ እንግዲህ 97 በመቶ አለኝ ማለት ነው!

የመጀመሪያው የክፍል ልምምድ ላይ ነው የወደቅኩት። አጠገባችሁ ያለውን ሰው ዛሬ ወደ ክፍል እንዴት እንደመጣ አሥር ደቂቃ ጠይቁት፣ አስተያየቱን ግን አትጠይቁ ተባልን። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ «የታክሲ ሰልፉ አስቸጋሪ ነው አይደል?» አልኩት። ልጁም «በጣም!» አለኝ። አስተማሪያችን ከኋላዬ ቆመው ኖሯል። «አሁን ማን ነው የመለሰው?» አሉኝ። ለካ ልጁ በእግሩ ነው የመጣው።

«አይደል» የምትለዋን ቃል የዚያን ቀን መጣል ነበረብኝ። አልጣልኳትም።

ለመመረቂያ ጽሑፌ ያንኑ የማኅበሩን አፕ መረጥኩ። ኮዱን አውቀዋለሁ፣ ማኅበሩ ያውቀኛል፣ ድርጅቴም ጥሩ ሪፖርት ቢያገኝ አይጠላም። አሥር ሴቶችን አነጋገርኩ። ከቃለ መጠይቁ በኋላ ጆን ብሩክ እ.ኤ.አ. በ1986 ያዘጋጀውን ባለ 10 ዐረፍተ ነገር መጠይቅ አስሞላሁ። አንዱ ዐረፍተ ነገር አፑን ያመሰግናል፣ ቀጣዩ ይነቅፋል፣ እየተፈራረቀ ይሄዳል። ሰውየው ከ1 እስከ 5 ምን ያህል እንደሚስማማ ይናገራል፤ ተደምሮ፣ ተቀንሶ፣ በ2.5 ተባዝቶ ከመቶ ይወጣል። እንደ አማካይ የሚጠቀሰው ውጤት 68 ነው። የእኔ አፕ 87.5 አመጣ። ያን ቀን ማታ ለጓደኞቼ ጋበዝኩ፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ከአሥራ አንደኛዋ ሴትዮ በኋላ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሰኞ አማካሪዬ ጋ ሄጄ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። «ድምፁን አንተ ራስህ ሰምተኸዋል? ጽሑፉን ሳይሆን ድምፁን» አሉኝ። ለካ አልሰማሁትም። ወደ ጽሑፍ የገለበጠልኝ ሌላ ልጅ ነበር፣ በገንዘብ።

ሰማሁት። ሦስት ማታ ፈጀብኝ።

በመጀመሪያ የሰማሁት ራሴን ነው። አብዛኞቹ ሴቶች ማንበብ ስለሚቸግራቸው መጠይቁን እኔ ነበርኩ የማነብላቸው። የሚያመሰግነውን ዐረፍተ ነገር እንደተጻፈው አነባለሁ። «አፑ ያለ አስፈላጊነቱ የተወሳሰበ ነው» የሚለው ጋ ስደርስ ግን ድምፄ ይለሰልሳል፤ እንዲህም እላለሁ፦ «አላስቸገረዎትም አይደል?» አሥሩም ላይ። አንዷ ጋማ እየሳቅኩ ነው የጠየቅኩት። ለሁሉም ጥያቄ ዝም ብሎ «በጣም እስማማለሁ» ያለ ሰው በዚህ መጠይቅ 50 ነው የሚያገኘው፤ መጠይቁ የተፈራረቀው ለዚሁ ነው። 87.5ቱን ከየት እንዳመጣሁት ገባኝ። የሰጠሁት ራሴ ነኝ፤ እነሱ እንዳላፍር አብረውኝ አሉ።

አማካሪዬ አንድ ጥናት ላኩልኝ፤ ኒኮላ ዴልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጡት ነው። ሕንድ፣ ባንጋሎር ውስጥ 450 ሰዎችን ጠየቁ። ሁለት አንድ ዓይነት ነገር ያሳዩና፣ አንዱን ጠያቂው ራሱ እንደሠራው እንዲመስላቸው ያደርጋሉ። ሰዎቹ የጠያቂውን የመምረጥ ዕድላቸው 2.5 እጥፍ ሆነ፤ ጠያቂው በአስተርጓሚ የሚናገር የውጭ አገር ተመራማሪ ሲሆን ደግሞ 5 እጥፍ። ሁለቱ ዕቃዎች ግን አንድ ናቸው! እኔ የውጭ አገር ሰው አይደለሁም፤ አስተርጓሚም አልያዝኩም። ግን ከማኅበሩ ተደውሎልኝ፣ ጫማዬን አስጠርጌ፣ ብድር የሚያስለቅቅ መስዬ ነው የሄድኩት። የኒልሰን ቀመር ላይ ያላየሁትም ይሄንኑ ነው። ያ 31 በመቶ ሰውየው ችግሩን ሊያሳይህ ሲፈቅድ የሚሠራ ነው። ካልፈቀደ ዜሮ ነው፤ ዜሮን አሥር ጊዜ ብትሞክረው ያው ዜሮ ነው።

ሁለተኛው የሰማሁት ነገር ግን ዜሮ አልነበረም።

የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ሴቶቹ በአማርኛ ይናገራሉ፣ እኔ እተረጉማለሁ፣ ከዚያ ብራውንና ክላርክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባስተማሩት መንገድ ዓረፍተ ነገሮቹን በየጭብጣቸው አሰባስባለሁ። የሚለጠፍ ወረቀት ኮንዶሚኒየም ግድግዳ ላይ አይይዝም፤ በፕላስተር ነው የለጠፍኩት። ከግድግዳዬ ትልቁ ክምር «ኢት ኢዝ ጉድ» የሚል ነበር። ድምፁን ሳዳምጥ ግን «ጥሩ ነው» ያለችኝ አንዲትም የለችም ማለት ይቻላል። ያሉኝ «ጥሩማ ጥሩ ነው» ነው። «መሥራቱማ ይሠራል»። «ማየቱንማ አያለሁ»። «እሱማ ምን ይወጣለታል»።

አማርኛ የሚያውቅ ሰው ይሄን ማስረዳት አይጠበቅብኝም። እናትህ ልታገባት ስላሰብካት ልጅ «ቆንጆማ ቆንጆ ናት» ካለችህ፣ ሰርጉ አደጋ ላይ ነው። ከ«ማ» በኋላ የምትመጣ «ግን» አለች፤ ተናጋሪው ለአንተ ክብር ብሎ ዋጥ ያደርጋታል። ጠያቂው ከጠየቀ ትወጣለች፤ ካልጠየቀ ትቀራለች። እኔ በእያንዳንዷ «ማ» ላይ «አሪፍ፣ እሺ፣ ቀጣዩ ጥያቄ…» እያልኩ አልፌያለሁ። ቆጠርኳቸው፤ በአሥሩ ቅጂ ውስጥ 23 ናቸው። ሃያ ሦስት ጊዜ በር ተከፍቶልኝ ሃያ ሦስቱንም ዘግቼ ሄጃለሁ።

እንግዲህ እዚህ ጋ ፈተናው መጣ። ያ ሁሉ «ማ» የያዘው ቅጂ በእጄ ነው። ልተንትነው ብል የሚያምር ምዕራፍ ይወጣዋል። ግን ሰዎቹ ፈቃድ የሰጡት ለብድር መስሏቸው ነው። በኮርሱ ላይ ስለ ቱስኪጊው ጉዳይ ተምረናል። በአሜሪካ ከ1932 እስከ 1972 ድረስ ቂጥኝ የያዛቸው ጥቁር ወንዶች ሕክምና የሚሰጣቸው እየመሰላቸው ተጠኑ፤ ያ ቅሌት ነው በኋላ በ1979 የወጣውን የቤልሞንት ሪፖርት ያስከተለው። የእኔን አፕ ከዚያ ጋር ማወዳደር ትልቅ ድፍረት ነው፣ አውቃለሁ። ማንም አልሞተም። ግን «ይሄ ነገር ለእኔ ነው» ብሎ መፈረምና «ይሄ ነገር ለእሱ ነው» ብሎ መፈረም ለየብቻ መሆናቸው እዚያም እዚህም ያው ነው። አማካሪዬ አላዘዙኝም፤ «አንተ ምን ታስባለህ?» ብቻ አሉ። በውስጤ «እባክዎ ይዘዙኝ» እያልኩ ነበር። ሴሚስተሩ አለፈኝ፤ ለሚቀጥለውም እንደገና ከፈልኩ።

ወደ አሥራ አንዱም ተመለስኩ። የምለውን በቃሌ ይዤ ነው የሄድኩት፦ «ከማኅበሩ አይደለሁም። ብድር ማስለቀቅም ማስከልከልም አልችልም። ባለፈው በደንብ አላስረዳሁም፤ ይቅርታ። አፑን የሠራሁት እኔ ነኝ። ስህተት እንዳለበት አስተማሪዬ ነግረውኛል፤ ስህተቱን ካላገኘሁ አልመረቅም።» ሁለቱ «ይቅርብኝ» አሉኝ፤ ቅጂያቸውን እፊታቸው አጠፋሁ። አሥራ አንደኛዋ አንዷ ናቸው። «አንድ ሰዓቴን በላኸው እኮ» አሉ፣ ሳይስቁ።

የቀሩት ዘጠኙ ግን ሌላ ጉድ አመጡብኝ። «አልመረቅም» የምትለዋ ቃል ሆዳቸውን አባባቻት። አሁን ደግሞ እንዳልወድቅ ስህተት ይፈጥሩልኝ ጀመር! አንዷ «ቀለሙ ያስጠላል በል፤ ጻፍ» አሉኝ። ቀጥለውም «ይሄ ይበቃሃል ልጄ፣ ወይስ ልጨምርልህ?»

ከዚያ በኋላ ነው መጠየቁን የተውኩት። ሂዩ ቤየርና ካረን ሆልትዝብላት እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት መጽሐፋቸው ተመራማሪው እንደ ሙያ ለማጅ፣ ተጠቃሚው እንደ ባለሙያ ይሁኑ ይላሉ፤ ሥራው በሚሠራበት ቦታ፣ ሥራው እየተሠራ። ሳነበው የጌጥ ንግግር መስሎኝ ነበር። ተሳታፊ 4 መደብ ላይ አራት ቅዳሜ ተቀመጥኩ። (ስማቸውን አልነግራችሁም፤ ፈርሜላቸዋለሁ፣ አሁን ፈራሚው እኔ ነኝ።) ቃሪያ መለየት አስተማሩኝ፣ ሚዛን ላይ ዓይኔን እንዳልነቅል ተቆጡኝ። ስልካቸው ቀኑን ሙሉ ከእጃቸው ይልቅ ሌላ ሰው እጅ ነበር። ጎረቤት ጀበና የምታፈላው ልጅ ትደውልበታለች፣ ከወዲያ ያለው ሽንኩርት ሻጭ ልጅ መልእክት ያነብላቸዋል። የሚስጥር ቁጥራቸው ከስልኩ ጀርባ በእስክሪብቶ ተጽፏል። ያን የሚስጥር ቁጥር ሳምንት ሙሉ ነበር የለፋሁበት፤ ሦስት ጊዜ ከተሳሳተ ይቆለፋል፣ በየጊዜው ቀይሩ ይላል። አንድ ስልክ የአንድ ሰው ነው ብሎ ማን እንደነገረኝ አላስታውስም።

በሦስተኛው ቅዳሜ ከአፑ መልእክት መጣ። ሽንኩርት ሻጩን ጠሩት። እጁን በሱሪው ጠርጎ አነበበ፦ «ቀጣይ ክፍያ ጁላይ 8።» ቀና ብሎም «ሐምሌ 8 ነው ማሙሽ እናት» አላቸው።

እሳቸው ወዲያው «አይደለም። ሐምሌ አንድ ነው» አሉ።

እንዴት አወቁ? አልጠየቅኩም፤ ዝም አልኩ፤ እስከ ሰባት በሆዴ ቆጠርኩ። ኮርሱ ላይ ያስተማሩን ነው። አራት ላይ ስደርስ ተናገሩ። ባለፈው ወር «ጁን 8» የሚል መጥቶ ነበር። ልጁ ሰኔ 8 ብሎ አነበበላቸው፤ ሁሉም ሰው ጁን ሰኔ ነው ይላል። ብሩን አጠራቅመው ሰኔ 8 ቀን ሄዱ። ጁን 8 ግን ሰኔ 1 ነው። ሰባት ቀን አሳልፈዋል ተብለው 200 ብር ተቀጡ። «ከፈልኩ፤ ምን ይደረጋል» አሉ፣ የተጨማደደ ቲማቲም ወደ ጎን እየለዩ።

ያቺን መስመር አውቃታለሁ። የቀን ማሳያው መሣሪያ ሲመጣ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚመጣው፤ እኔ የወሮቹን ስም በግዕዝ ፊደል ጻፍኩና አለፍኩ። ሰነዱ «ቀን ይታይ» ይላል እንጂ በየትኛው አቆጣጠር አይልም። ከመስመሩ በላይ ለራሴ ማስታወሻ ትቻለሁ፦ «በኋላ ይስተካከላል።» ማስታወሻዋ አሁንም እዚያው ነበረች።

የመጀመሪያውን ቃለ መጠይቅ ያደረግኩላቸው ከተቀጡ ከአምስት ቀን በኋላ ነው። ማታ ቤት ገብቼ ቅጂያቸውን ከፈትኩ። አሥራ አራተኛው ደቂቃ ላይ «የክፍያ ማስታወሻውስ እንዴት ነው?» እላለሁ። ትንሽ ዝም ይላሉ። «ጥሩማ ጥሩ ነው» ይላሉ። እኔ «አሪፍ» እላለሁ።

ምን ያህል ሰው እንደዚያ እንደተቀጣ ማወቅ ለእኔ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ የመረጃ ቋቱ መግቢያ በእጄ አለ። ያን ማታ እጄ ኪቦርዱ ላይ ነበር። ግን መግቢያው የተሰጠኝ ለጥገና እንጂ ለጥናት አይደለም፤ አሥራ አንድ ሰው ይቅርታ ጠይቄ ገና መመለሴ ነው። በማግስቱ የማኅበሩን ኃላፊ በደብዳቤ ጠየቅኩ። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲሆን ወዲያው ፈቀዱ፤ አመስግነውኛልም። ቁጥሩን በተመለከተ ግን «እሱ ከጥናትህ ውጭ ነው» አሉኝ። የተከፈለ ቅጣትም ሂሳብ ተዘግቶበታል። ሁለተኛ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ መልሱን እየጠበቅኩ ነው።

ማስተካከያው አሥራ ሁለት መስመር ኮድ ሆነ። አንድ ከሰዓት በኋላ።

ጽሑፌን ሳቀርብ አንደኛው ፈታኝ የእንግሊዝኛው ገጽ መሀል የተተከለችውን የአማርኛ «ማ» አይተው «ይሄ ምንድን ነው? ለምን አልተተረጎመም?» አሉ። ከተሰጠኝ ሃያ ደቂቃ ውስጥ ስምንቱን በእሷ ላይ ጨረስኩ። ውጤቱ 87.5 የሚለውን ሠንጠረዥ አላወጣሁትም፤ ከነአሰጣጤ ጽፌ አስቀመጥኩት። ድርጅቴ ሪፖርቱን አልወደደውም።

በነሐሴ መጀመሪያ ሾላ ሄድኩ። ተሳታፊ 4 ስልኩን ራሳቸው ከጀበናዋ ልጅ ተቀብለው ሰጡኝና አዲሱን ማሳያ አሳየኋቸው፤ ሽንኩርት ሻጩም መጥቶ አነበበው። በትክክል አነበበው። መቅጃዬን በፈቃዳቸው ከፈትኩ። «አይደል» ሳልል፣ ሳልስቅ፣ ድምፄን ሳላለሰልስ፣ እንዴት እንዳገኙት ጠየቅኳቸው።

ማሳያውን ራቅ አድርገው ያዙት፣ አዩት።

«አሁንማ ጥሩ ነው» አሉ።

ዝም አልኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ደንበኛ መጣና ግማሽ ኪሎ ቃሪያ ጠየቀ።